«አሉ» የምትለዋን ቃል አትጣሉብን፦ ስለ 1641ዱ የአየርላንድ አመፅ ለአማርኛ የታሪክ ተራኪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የዓለምን ታሪክ በአማርኛ ለምታዘጋጁ፣ ለምትተረጉሙና ለምትተርኩ ሁሉ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፦

በቅርቡ ሁለት የአማርኛ ዝግጅቶችን በተከታታይ ሰማሁ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1641 ካቶሊክ አየርላንዳውያን በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበረችው አየርላንድ ስላነሡት አመፅና በዚያ አመፅ ሀብታቸውንና ወገኖቻቸውን ስላጡት የእንግሊዝና የስኮትላንድ ፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች የሚተርኩ ነበሩ። የመጀመሪያው «154 ሺህ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ታረደ» ብሎ ጀመረ። ሁለተኛው ለመጀመሪያው መልስ ለመስጠት ታስቦ የተሠራ ይመስላል፤ «የሰፋሪዎቹ ለቅሶ እንግሊዞች መሬት ለመንጠቅ የፈጠሩት ድርሰት ነው» ብሎ ጨረሰ። የአዘጋጆቹን ስም አልጠቅስም፤ ድካማቸውንም አላቃልልም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እነዚህ ተቃራኒ የሚመስሉ ሁለት ዝግጅቶች የተሳሳቱት በአንድ ዓይነት መንገድ በመሆኑ፣ ያው ስሕተት በሌሎቻችሁም ሥራ ውስጥ ሲደጋገም በማየቴ ነው።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ደብሊን ከተማ የምኖር፣ እንጀራዬን በአስተርጓሚነት የማገኝ ሰው ነኝ። ጥገኝነት የሚጠይቁ የአገሬ ልጆች ቃላቸውን ሲሰጡ በመካከል ተቀምጬ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ማታ ማታ ደግሞ፣ ባለቤቴ «ዛሬም ከሙታኖችህ ጋር ልታመሽ ነው?» እያለች ብትስቅብኝም፣ ከ1641ዱ አመፅ የተረፉ ሰዎች በመሐላ የሰጡትን የምስክርነት ቃል አነባለሁ። ቀን የምሠራውና ማታ የማነበው ነገር እጅግ ይመሳሰላሉ፤ እናንተን ለማስቸገር የደፈርሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስቀምጠው። ኦክቶበር 22 ቀን 1641 ማታ አልስተር የተባለው የሰሜኑ ክፍለ አገር መኰንን፣ አየርላንዳዊው ሰር ፌሊም ኦኒል ወደ ቻርልሞንት ምሽግ በእንግድነት ሄደ፤ የምሽጉ ጌታ ጎረቤቱ ነበረና እራት አቀረበለት፤ እንግዳውም ከነሰዎቹ ምሽጉን ያዘ። በማግስቱ የደብሊንን ግንብ ለመያዝ የታሰበው ሤራ ግን ኦወን ኦኮኖሊ የተባለ ሰው ምስጢሩን ለመንግሥት በማድረሱ ከሸፈ፤ ከሤራው መሪዎች ሎርድ ማግዋየርና ሂው ማክማሆን እዚያው ተይዘው ኋላ ለንደን ላይ ተገደሉ። መሪዎቹ አስበውት የነበረው ምሽጎችን ይዞ ከእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ጋር መደራደርን ነበር። በአልስተር ገጠር የሆነው ግን ሌላ ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነገሩ ከመኳንንቱ እጅ ወጥቶ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚዘርፍበት፣ የሚያባርርበት፣ አልፎም የሚገድልበት ሆነ።

በዚያ የብርድ ወራት የተዘረፉት ሰዎች ወደ ደብሊን ጎረፉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 23 ቀን የደብሊን መንግሥት ስምንት የፕሮቴስታንት ቀሳውስት ያሉበት ኮሚሽን አቋቁሞ የተበደሉት ሰዎች ቃል በመሐላ እንዲመዘገብ አዘዘ። የኮሚሽኑ መሪ የኪልሞር ካቴድራል ዲን (የካቴድራሉ አለቃ) የነበረው ሄንሪ ጆንስ ነው። እዚህ ላይ ልብ አድርጉልኝ፤ ጆንስ ራሱ በካቫን አውራጃ ከተዘረፉት አንዱ ነበር፤ አማፂዎቹም አቤቱታቸውን አሸክመው ወደ ደብሊን የላኩት እርሱኑ ነበር። እንግዲህ መዝጋቢው ከከሳሾቹ ወገን ነው። ይህን አለመናገር ነውር ነው፤ ይህን ብቻ ተናግሮ መዝገቡን በሙሉ መጣልም ያው ነውር ነው።

የመዝገቡ ብዛት ያስደንቃል። ወደ 8,000 የሚጠጉ የምስክርነት ቃሎችና ተያያዥ ሰነዶች በ19,000 ገጽ ላይ ሰፍረው፣ በ31 ጥራዝ ተጠርዘው ከ1741 ጀምሮ በደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከ2010 ወዲህ ደግሞ በኢንተርኔት ማንም ሰው በነፃ ሊያነባቸው ይችላል። በምረቃው ዕለት ካቶሊኳ ፕሬዚዳንት ሜሪ ማክአሊስና የሰሜን አየርላንዱ ፕሮቴስታንት መሪ ኢያን ፔዝሊ በአንድ አዳራሽ ተገኝተው ነበር፤ የዚህን አገር ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከዘመድ ወገን እንግዳ ሲመጣብኝ ሁልጊዜ ወደዚያው ኮሌጅ እወስደዋለሁ፤ የእኛን የብራና መጻሕፍት የሚያስታውሰው የኬልስ ወንጌል እዚያ አለና። ወንጌሉን ለኮሌጁ የሰጠው ያው ሄንሪ ጆንስ መሆኑን ያወቅሁት ግን ብዙ እንግዳ ካስጎበኘሁ በኋላ ነው፤ ኋላ የሚዝ ጳጳስ ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንድ የምስክርነት ቃል ሲከፈት በመጀመሪያ የምስክሩ ስም፣ የሚኖርበት ደብርና ሥራው ይጻፋል፤ ገበሬ፣ ቄስ፣ ቆዳ ፋቂ፣ የሟች ሚስት። ቀጥሎ በወንጌል ላይ መማሉ ይጠቀሳል። ከዚያ የጠፋው ንብረት ይዘረዘራል፤ ላሞች፣ ፈረሶች፣ በጎች፣ በጎተራ የነበረ እህል፣ በሜዳ የተከመረ ድርቆሽ፣ የቤት ዕቃ፣ አልባሳት፣ የመሬት ኪራይ ውል። እያንዳንዱ በፓውንድ ይገመትና ድምሩ ይቀመጣል። ማስረጃውን በጥድፊያ የሚያነብ ሰው ይህን ክፍል ዘልሎ ወደ ግድያው ይሮጣል። እኔ ግን የሰዎቹን ኑሮ ያየሁት እዚህ ዝርዝር ውስጥ ነው። ሰው በደረሰበት ግፍ መካከል ቆሞ የድርቆሹን ዋጋ ሲናገር ይገርማል፤ ነገር ግን በሥራዬ ላይም ይህንኑ አያለሁ። ልጁን ያጣ ሰው ስለ ልጁ ሲጠየቅ ዝም ይልና ስለ ሁለት በሬዎቹ ሲጠየቅ ቀለማቸውን ጭምር ይነግረኛል።

ከዝርዝሩ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምመረምረው ስለ ዕዳ የተጻፈውን ነው። ብዙ ምስክሮች ለሌላ ያበደሩትንና በአመፁ ምክንያት ተስፋ የቆረጡበትን ገንዘብ ያስመዘግባሉ፤ የተበዳሪዎቹም ስም ይጠራል። ከተበዳሪዎቹ አንዳንዶቹ እንደ ራሱ እንደ አበዳሪው ተዘርፈው ባዶ እጃቸውን የቀሩ እንግሊዛውያን ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ አሁን ከአማፂው ጋር የተሰለፉ አየርላንዳውያን ጎረቤቶች ናቸው። ይህች ትንሽ ክፍል ምን ያህል ነገር እንደምትናገር አስቡት። ሰው ለማያምነው አያበድርም። እነዚህ ሰዎች ከአመፁ በፊት አብረው ገበያ የወጡ፣ ውል የተዋዋሉ፣ በዋስ የተማመኑ ነበሩ። የዘራፊዎቻቸውን ስም ከነአባታቸው ስምና ከነመንደራቸው ሊጠሩ የቻሉትም ስለሚያውቋቸው ነው። ዕዳ የነበረበት ድሃው ብቻ እንዳልሆነም ልብ በሉ፤ ፌሊም ኦኒል ራሱ በዕዳ የተዘፈቀ ሰው ነበር።

ኮሚሽኑ ንብረትን ያስቀደመው በምክንያት ነው። የዲሴምበሩ ትእዛዝ በዋናነት ስለ ጠፋ ሀብት ነበር፤ ዓላማውም ለተዘረፈው ሰው ማስረጃ እንዲሆነውና ኋላ ካሳ የሚጠይቅበት እንዲያገኝ ነው። ስለ ግድያ ጭምር እንዲጠየቅ የታዘዘው በጥር (ጃንዋሪ) 18 በወጣ ሁለተኛ ትእዛዝ ነው። በዚህ ቀን ላይ ሁለተኛው ዝግጅት ትልቅ ስሕተት ሠርቷል። ሰነዱ ላይ «1641» የሚል ዓመት ስላየ፣ «አመፁ የተነሣው በኦክቶበር 1641፤ ስለ ግድያ የመመዝገቢያው ትእዛዝ የወጣው በጥር 1641፤ እንግዲህ ክሱ ከወንጀሉ ዘጠኝ ወር ቀድሞ ተዘጋጅቷል» ብሎ ሤራ አገኘ። በዚያ ዘመን እንግሊዝና አየርላንድ የሚከተሉት የዩልዮስን አቆጣጠር ነበር፤ አዲሱ ዓመትም የሚገባው በማርች 25 ነበር። ስለዚህ የእነርሱ ጥር 1641 በዛሬው አቆጣጠር ጥር 1642 ነው፤ ከአመፁ ሦስት ወር በኋላ ማለት ነው። በሁለት ዘመን አቆጣጠር የምንኖር እኛ፣ በየደብዳቤያችን ራስጌ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» እያልን የምንጨነቅ ሰዎች፣ በዚህ መሳሳት አልነበረብንም።

ከንብረቱ ዝርዝር በኋላ ነው «አሉ» የሚመጣው።

በአማርኛችን «ቤቱን አቃጠሉት» ያለ ሰው አይቻለሁ ማለቱ ነው፤ «ቤቱን አቃጠሉት አሉ» ያለ ሰው ሰምቻለሁ ማለቱ ነው። ይህችን ቃል ስንናገር አናስባትም፤ በእንግሊዝኛ ግን ቦታ ካልተፈለገላት ትጠፋለች። ሥራ እንደ ጀመርሁ ሰሞን፣ ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ልለውጥና፣ አንዲት እናት «ወንድሜን ሌሊት መጥተው ወሰዱት አሉ» አለች። እኔ «ወንድሜን ሌሊት መጥተው ወሰዱት» ብዬ አስተረጎምሁ። ጠያቂው ቀጠለ፤ «ሲወስዱት አንቺ የት ቆመሽ ነበር?» ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ «እኔ መቼ ነበርሁ አልሁ?» አለችኝ። ጠያቂው ቃሏ እርስ በርሱ እንደ ተጋጨ አድርጎ ሊመዘግበው ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬ እንዲታረም አደረግሁ፤ ያን ቀን ግን ከቢሮው ስወጣ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ «አሉ» የምትል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል።

የ1641ዱ ምስክሮችም «አሉ» ይላሉ። የኮሚሽኑ ጸሐፊዎች «ይህች ምስክር ከታመነ ሰው እንደ ሰማችው» የሚል ሐረግ ነበራቸውና በታማኝነት ጽፈውታል። የትኛው ላም በፊቷ እንደ ተነዳ፣ የትኛው ግድያ ደግሞ ከሌላ ስደተኛ አፍ እንደ ተሰማ ከመዝገቡ ለይቶ ማወቅ በአብዛኛው ይቻላል። ሐረጉን የጣሉት ኋላ የመጡት ናቸው። ጆንስ በማርች 1642 ከመዝገቡ እየመረጠ ለእንግሊዝ ፓርላማ አቀረበ፤ ሲመርጥ ከሁሉ የከፋውን መረጠ። የደብሊን መንግሥት ሹም የነበረው ሰር ጆን ቴምፕል በ1646 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ከዚያ የባሰ አደረገ፤ የተገደሉትና የተባረሩት 300,000 ናቸው አለ።

154 ሺህ የሚለው ቁጥር ከየት እንደ መጣ ታውቃላችሁ? ሮበርት ማክስዌል የተባለ ቄስ በኦገስት 1642 በሰጠው ቃል ውስጥ ነው ያለው። ማክስዌል በአማፂዎቹ እጅ ቆይቶ የወጣ ሰው ነው። እርሱም ቆጥሬአለሁ አላለም፤ የአማፂዎቹ ቀሳውስት የሞቱትን ቆጥረው ይህን ያህል ሆኑ ማለታቸውን እዚያ ሳለሁ ሰማሁ ነው ያለው። «አሉ» ያለበት ቁጥር ነው። በዚያን ጊዜ በመላው አልስተር የነበረው ሰፋሪ ተሰብስቦ ቢቆጠር እንኳ ከዚህ ቁጥር እጅግ ያንስ ነበር። ከአንድ ትውልድ በኋላ የመሬት ቀያሹ ዊሊያም ፔቲ ወደ 37,000 አወረደው። የዛሬዎቹ የታሪክ ተመራማሪዎች መዝገቡን አገላብጠው በአብዛኛው የሚሰጡት ግምት በእጅ የተገደሉት 4,000 ገደማ፣ በብርድ፣ በረኃብና በበሽታ ያለቁት ደግሞ እስከ 8,000 ይደርሳሉ የሚል ነው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ እናንተ ግን ወሬውን ከነማስታወቂያ ዜማው ለቀቃችሁት።

አራት ሺህ ሰው ሲገደል ትንሽ ነው የሚል እንዳይኖር። ስለ ፖርታዳውን ልንገራችሁ። በኖቬምበር 1641 በአርማ አውራጃ ወደ መቶ የሚጠጉ ፕሮቴስታንቶች፣ ወደ ወገኖቻችሁ እናደርሳችኋለን ተብለው በአጃቢ ከተወሰዱ በኋላ፣ ፖርታዳውን ሲደርሱ ከድልድዩ ላይ ወደ ባን ወንዝ ተገፍተው ተጣሉ። ኤልሳቤጥ ፕራይስ የተባለችው የአርማ ሴት አምስት ልጆቿን በዚያ ወንዝ አጥታለች። እርሷ ተለይታ ተይዛ ስለ ነበር ከልጆቿ ጋር አልሄደችም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ከታሰረች በኋላ ነው በጁን 1643 ደብሊን መጥታ ቃሏን የሰጠችው። ልጆቿና ሌሎቹ እስረኞች ወደ ገበያ እንደሚነዱ በጎች ተነድተው ወደ ድልድዩ እንደ ተወሰዱ ተናገረች።

በዚያው ምስክርነት ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ባሎቻቸው ከተገደሉ ሌሎች ሴቶች ጋር ወደ ወንዙ እንደ ሄደች፣ ሲመሽ አንዲት ሴት የምትመስል መንፈስ እስከ ወገቧ ከውኃው ወጥታ፣ እጆቿን ወደ ላይ አንሥታ፣ ጠጉሯ ነጭ፣ ቆዳዋ እንደ በረዶ የነጣ፣ «በቀል! በቀል! በቀል!» እያለች ስትጮኽ እንዳየች በመሐላ አረጋገጠች። እንግዲህ የእኔ መለኪያ እዚህ ላይ ይፈተናል። ልጆቿ የሰጠሙበትን አላየችም፤ ይህ ግን ከሌሎች ብዙ ምስክሮች ቃል ጋር ስለሚገጥም ማንም ቁም ነገረኛ ተመራማሪ አይጠራጠረውም። መንፈሷን ግን በዓይኔ አየሁ ነው የምትለው። «አየሁ» ያለውን ሁሉ እመኑ፣ «አሉ» ያለውን ሁሉ ጣሉ ብዬ የምለምናችሁ እንዳይመስላችሁ። የምለምናችሁ አድማጫችሁ የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዲያውቅ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዝግጅት መንፈሷን በሙዚቃ አጅቦ ሲያቀርብ የልጆቹን ቁጥር ዘለለው፤ ሁለተኛው በመንፈሷ ስቆ፣ «እንዲህ የምትል ሴት ልጆችም አልነበሯትም» ሊል ምንም አልቀረውም። እኔ ያን ገጽ ሳነብ መንፈሷ አላስቸገረችኝም። አምስት ልጅ በአንድ ወንዝ ያጣች እናት ጀምበር ስትጠልቅ ወንዙ ዳር ቆማ ምን እንዳየች እኔ ልነግራት አልችልም።

ለሁለተኛው ዝግጅት አዘጋጅ አንድ ነገር ልጨምር። በመዝገቡ ላይ ብዙ መስመሮች በቀለም ተሰርዘዋል፤ ይህንንም የሐሰት ማስረጃ አድርገኸዋል። ይህ ጥርጣሬ ያንተ ብቻ አይደለም፤ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያነሡት ሰዎች ነበሩ። ኋላ በተደረገው ጥናት የታወቀው ግን ሥረዛው በአብዛኛው የተደረገው ቃሉን አሳጥሮ ለመገልበጥ መሆኑ ነው፤ አሳጣሪው የንብረቱን ዝርዝር አላስፈላጊ አድርጎ አለፈው። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ላሟና ድርቆሹ ከታሪክ የወጡት ያኔ ነው፤ ግድያና መንፈስ ብቻ ተርፈው ወደ ስብከትና ወደ ፖለቲካ ሄዱ። ደግሞም ፈጠራ ሠሪ ቢሆን ኖሮ ስለ ድርቆሽና ስለ ተበዳሪ ስም ያን ያህል አይደክምም ነበር።

ስለ ልብስም ሳልናገር አላልፍም፤ በመዝገቡ ውስጥ ከሞት ይልቅ የሚደጋገመው የልብስ ገፈፋ ነው። ሰዎች ከቤታቸው ሲባረሩ ልብሳቸውን ተገፍፈው በአልስተር ብርድ ራቁታቸውን ተለቀቁ። ጭድ ለብሰው የሄዱ አሉ። ልብስ ያኔ ሀብት ነበር፤ ሲወልቅ ደግሞ የሰው ማዕርግ አብሮ ይወልቃል፤ ገፋፊዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። ከሞቱት አብዛኞቹን የገደላቸው ሰይፍ ሳይሆን መንገድ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። ደብሊን የደረሱትም በየጎተራውና በየቤተ ክርስቲያኑ ታጭቀው በበሽታ አለቁ። በሜዮ አውራጃ ደግሞ የእንግሊዝ ዝርያ ያላቸውን ከብቶች በይስሙላ ችሎት አቁመው ፈርደው እንዳረዱ ተመስክሯል። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥላቻው ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበረ ከብዙ ሐተታ ይልቅ ይህ ይነግረናል።

ጥላቻው ከሰማይ አልወረደም። በ1607 የአልስተር ታላላቅ መሳፍንት ሂው ኦኒልና ሮሪ ኦዶኔል ከራትሙለን በመርከብ ተሳፍረው አገራቸውን ጥለው ሄዱ፤ የእንግሊዝ ዘውድም መሬታቸውን ወረሰ። ከ1609 ጀምሮ አርማ፣ ካቫን፣ ኮልሬን፣ ዶኔጎል፣ ፈርማና እና ታይሮን የተባሉት ስድስት አውራጃዎች ተሸንሽነው ለእንግሊዝና ለስኮትላንድ ሰፋሪዎች፣ ለለንደን የነጋዴ ማኅበራት፣ ለቀድሞ ወታደሮችና ለጥቂት አየርላንዳውያን ታደሉ። የፌሊም ኦኒል ቤተ ሰብ ከእነዚህ ጥቂቶች ወገን ነበር፤ እርሱም የፓርላማ አባል እስከ መሆን ደርሷል። ኤልሳቤጥ ፕራይስን የመሰለች ሴት ልጆቿን ያሳደገችበት መሬት የማን እንደ ነበር አንድም ኮሚሽን አልጠየቃትም። ኮሚሽኑ የተቋቋመው አንድ ወገንን ለመስማት ነው። በጥር 1642 በአይላንድማጊ የተገደሉት ካቶሊኮች ዘመዶች ቃላቸውን የሚቀበል አላገኙም፤ ስለዚያ ግድያ ጥቂት ምርመራ የተደረገው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። መዝገቡ ያለበት ጉድለት ይህ ነው። የሰፋሪው ቃል ሐሰት አይደለም፤ የሌላው ወገን ቃል ግን አልተጻፈም።

ከጎረቤቶቹ መካከል ሌላ ዓይነት ሰውም ነበር። የኪልሞሩ ጳጳስ ዊሊያም ቤዴል እንግሊዛዊ ፕሮቴስታንት ነበር፤ ብሉይ ኪዳን ወደ አየርላንድኛ እንዲተረጎም ያስደረገው እርሱ ነው። አመፁ ሲነሣ ቤቱን ለስደተኞች ከፈተ፤ አማፂዎቹም ለብዙ ጊዜ ሳይነኩት ቆዩ። በፌብሩዋሪ 1642 ሲሞት የካቫን አማፂዎች መቃብሩ ድረስ አጅበውት፣ ተኩሰው፣ «የእንግሊዞች የመጨረሻው ሰው በሰላም ይረፍ» ብለው ቀበሩት ይባላል። ይህን ታሪክ ከሁለቱ ዝግጅቶች አንዱም አላነሣውም፤ ለሁለቱም ስለማይመች ይሆናል።

«አሉ»ን የመጣሉ ዋጋ በወረቀት ላይ አልቀረም። የእንግሊዝ ፓርላማ ጦር መሪ ክሮምዌል በሴፕቴምበር 1649 ድሮኸዳ የተባለችውን ከተማ ይዞ የሚጠብቋትን ወታደሮችና ከነዋሪዎቿም ብዙ ሰው ካስገደለ በኋላ፣ ይህ ንጹሕ ደም ባፈሰሱት ላይ የመጣ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው ብሎ ጻፈ። ድሮኸዳ ግን በ1641 እና 1642 አማፂዎቹ ከብበዋት ሳትያዝ የቀረች ከተማ ናት፤ በ1649 ሲከላከሏት ከሞቱት ወታደሮች መካከልም እንግሊዛውያን የንጉሡ ደጋፊዎች ነበሩባት። በ1652 በወጣው ሕግ ብዙ ካቶሊክ ባለርስቶች መሬታቸውን ተነጠቁ፤ ብዙዎችም ወደ ምዕራቡ ክፍለ አገር ወደ ኮናክት ተጋዙ። በ1641 ከአገሪቱ መሬት ከግማሽ በላይ በካቶሊኮች እጅ የነበረ ሲሆን በ1703 ወደ 14 በመቶ ወርዷል። ከ1662 ጀምሮ ኦክቶበር 23 በሕግ የመታሰቢያ ቀን ሆኖ በየዓመቱ በአብያተ ክርስቲያናት ይሰበክበት ነበር፤ የፖርታዳውን ድልድይም እስከ ዛሬ በሰሜን አየርላንድ ሰልፎች ባንዲራ ላይ ተሥሎ ይታያል።

አንድ ቅሬታ ይቀረኛል፤ ይህኛው ስለ ቃል አመራረጥ ነው። «ሰፋሪ» የሚለውን ቃል ስትጠቀሙ ድምፃችሁ ይለወጣል። አንዳንዶቻችሁ የአልስተርን ታሪክ የምትተርኩት ለአገር ቤት ክርክር ዱላ እንዲሆናችሁ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ማዳመጥ አያስፈልግም፤ ከሥር የሚጻፉትን አስተያየቶች ማየት ይበቃል። የአልስተሩ ሰፈራ ዘውድ በሕግ የወረሰውን መሬት ከባሕር ማዶ ለመጡ ሰዎች ያደለበት ነው፤ ደርግ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ያጠቃቸውን ሰዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ያጓጓዘበትን ሰፈራ አይመስልም፤ ዛሬ በየመድረኩ የምትወራወሩበትን ስድብም አይመስልም። ፌሊም ኦኒልን የእናንተ ጀግና፣ ኤልሳቤጥ ፕራይስን የእናንተ ጠላት ወይም ሰማዕት አታድርጓቸው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው። 154 ሺህ የሚለውን ቁጥር ከርዕሳችሁ አንሡ፤ ማንሣት ካልፈለጋችሁ ማክስዌል ከማን እንደ ሰማው አብራችሁ ጻፉ። «ድርሰት ነው» ያላችሁትም የጥር 18ቱን ቀን አርሙና አድማጮቻችሁን ይቅርታ ጠይቁ። መዝገቡ ክፍት ነው። የዚያ ዘመን እንግሊዝኛ አጻጻፉ ያስቸግራል፤ አንድ ስም በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ሆሄ ይጻፋል፤ ቢሆንም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዓይን ይለምደዋል። ወደ አማርኛ ለመመለስ ለሚነሣ አዘጋጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ክፍያ አብሬው ለመቀመጥ ዝግጁ ነኝ፤ ከንብረቱ ዝርዝር እንጀምራለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ደብሊን፣ አየርላንድ